የክሮሞሶሞች ልውውጥ መነሻና የእርሾው ጂን ታሪክ

የዘር ሴሎች በሚዘጋጁበት በሜዮሲስ ጊዜ ተጓዳኝ ክሮሞሶሞች ክፍላቸውን እንደሚለዋወጡ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይሰጣል። መምህሩም ባለሁለት ቀለም ጠመኔ ይዞ ልውውጡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥላል። ይሁን እንጂ ክሮሞሶሙን የሚቆርጠው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ምላሽ የተገኘው ከረጅም ጊዜ ጥናት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1909 የቤልጅጉ ተወላጅ ፍራንስ ያንሰንስ፣ ጥንድ ክሮሞሶሞች ተጠላልፈው በሚታዩባቸው ቦታዎች መሰበርና መልሶ መጋጠም እንደሚኖር ሐሳብ አቀረበ። በ1911 ቶማስ ሞርጋን ይህንን ሐሳብ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ካገኘው የውርስ ውጤት ጋር አያያዘው። በ1931 ደግሞ ሃሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የባሕርያት ልውውጥ ከክሮሞሶሞች የአካል ልውውጥ ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑን አረጋገጡ። በዚህም የልውውጡ መኖር ተረጋገጠ እንጂ አነሣሡ ገና አልታወቀም ነበር።

ምላሹ የተገኘው ለዳቦና ለቢራ ከሚያገለግለው እርሾ ነው። እርሾ ምግብ ሲያጥረው በሜዮሲስ ተከፍሎ አራት ስፖሮችን ይሠራል፤ አራቱም በአንድ ከረጢት ውስጥ ስለሚገኙ የአንድ ክፍፍል ውጤት በሙሉ ለምርመራ ይመቻል። በ1969 ማይክልና ሮሼል ኤስፖዚቶ ስፖር መሥራት የተሳናቸውን እርሾዎች ለይተው አቀረቡ። በእንዲህ ዓይነቱ ምርምር ከታወቁት ጂኖች አንዱ ስፖ 11 ተባለ። በ1985 የታተመ ጥናትም ይህ ጂን ሲበላሽ የሜዮሲስ ልውውጥ እንደሚቀር አሳየ። በልውውጥ ያልተያያዙ ክሮሞሶሞች በሥርዓት ስለማይለያዩ ከስፖሮቹ አብዛኞቹ በሕይወት አይቆዩም።

ቀደም ሲል በ1983 ጃክ ሾስታክና ባልደረቦቹ ልውውጡ የሚጀምረው ሁለቱም የዲ.ኤን.ኤ. ክሮች ሲቆረጡ ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በ1989 ቁርጡ በእርሾ ሜዮሲስ ውስጥ ታየ። በ1997 ስኮት ኪኒ፣ ክሬግ ዢሩና ናንሲ ክሌክነር ቁርጡ ሳይጠገን በሚቀርባቸው እርሾዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ከዲ.ኤን.ኤ.ው ጫፍ ጋር ተጣብቆ የቀረው ፕሮቲን የስፖ 11 ውጤት መሆኑን ደረሱበት። በዚያው ዓመት ሌላ የምርምር ቡድን፣ ይህ ፕሮቲን በፈል ውሃ ከሚኖር ረቂቅ ሕያው ኤንዛይም ጋር ዝምድና እንዳለው አስታወቀ። በ2000 የወጡ ጥናቶችም ተመሳሳዩ ጂን የጎደላቸው አይጦች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ መካን እንደሚሆኑ አመለከቱ።

የዲ.ኤን.ኤ. መቆረጥ በሌላ ጊዜ ሴሉን ለሞት የሚያሰጋ ጉዳት ነው። በሜዮሲስ ግን ሴሉ ራሱ በራሱ መሣሪያ ይቆርጠዋል፤ ከተጓዳኙ ክሮሞሶም ጋር እያመሳከረም ይጠግነዋል። ልውውጡ የሚመነጨው ከዚህ ጥገና ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በተጠናቀቀው ሥዕል ብቻ ሲጀመር፣ ከያንሰንስ እስከ 1997 ለ88 ዓመታት የተጠየቀው ጥያቄ ከተማሪው ይሰወራል። መምህሩ ጠመኔውን ከማንሣቱ በፊት «የሚቆርጠው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ውጤቱ የተገኘበትን መንገድም ይማራል።