ስታርሺፕ (የትዕዛዝ መስመር ፕሮምፕት)

ስታርሺፕ በተርሚናል ላይ ትዕዛዝ ከሚጻፍበት ቦታ ፊት የሚታየውን ጽሑፍ፣ ማለትም ፕሮምፕቱን፣ የሚያዘጋጅ ነጻና ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። ማታን ኩሽነር በ2019 እ.ኤ.አ. በራስት የፕሮግራም ቋንቋ ጀመረው። ኩሽነር ከዚያ በፊት ስፔስፊሽ የተባለ ፕሮምፕት ሠርቶ ነበር፤ እሱም ዴኒስ ዶቭሃን ለዚ ሼል ያዘጋጀውን ስፔስሺፕ ለፊሽ ሼል የሚያመች ያደረገ ሥራ ነው። ሁለቱ ለየሼላቸው ብቻ የተሠሩ ሲሆኑ ስታርሺፕ ግን በባሽ፣ በዚ ሼል፣ በፊሽ፣ በፓወርሼልና በሌሎችም በአንድ የቅንብር ፋይል ይሠራል።

አሠራር

በሼሉ መነሻ ፋይል መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ከተጨመረ በኋላ፣ ሼሉ አዲስ ፕሮምፕት ባሳየ ቁጥር ስታርሺፕን ይጠራል። ፕሮግራሙም ተጠቃሚው ያለበትን ፎልደር ተመልክቶ የሚያስፈልገውን ብቻ ይጽፋል። ለምሳሌ የፓይተን ሥሪት ቁጥር የሚታየው የፓይተን ፋይሎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ ሲሆን ነው። የመጨረሻው ትዕዛዝ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የወሰደው ጊዜ ይጻፋል። ትዕዛዙ ካልተሳካ አረንጓዴው የ❯ ምልክት ቀይ ይሆናል።

ፍጥነቱ የሚገኘው ፕሮግራሙ ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመ በመሆኑና ክፍሎቹን ጎን ለጎን በማስላቱ ነው። ከውስጥ የሚጠራቸው እንደ ጊት ያሉ ትዕዛዞች ከ500 ሚሊሰከንድ በላይ ከቆዩ ይተዋቸዋል። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ትልቅ የጊት ማከማቻ ሲከፈት ግን መዘግየቱ አሁንም ይሰማል፤ በዚህ ጊዜ የጊት ሁኔታን የሚያሳየውን ክፍል መዝጋት ይሻላል።

ጥቅም

ፕሮምፕት ጌጥ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ፋይል የሚሰርዝ ትዕዛዝ የሚጽፍ ሰው የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ስታርሺፕ የኮምፒውተሩን ስም የሚያሳየው ተጠቃሚው ከርቀት በኤስኤስኤች ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ብቅ ሲል ትዕዛዙ የሚፈጸመው በሰርቨሩ ላይ እንጂ በራስ ላፕቶፕ ላይ እንዳልሆነ ይታወቃል።

በርካታ ተማሪዎች አንድ ኮምፒውተር በሚጋሩበትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ የ⇡ ምልክት የተለየ ዋጋ አለው። ምልክቱ ኮሚት ተደርጎ ወደ ሰርቨር ያልተላከ ሥራ መኖሩን ያሳያል። ይህን ሳያይ ተነሥቶ የሄደ ተማሪ ሥራውን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ትቶት ይሄዳል። ስታርሺፕ ይህን የሚያውቀው ጊት ቀድሞ ከመዘገበው መረጃ በመሆኑ መስመሩ ቢቋረጥም ምልክቱ አይጠፋም። የባትሪው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሳይነካ ከተተወ 10 በመቶ ላይ ብቻ ይታያል፤ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ከፍ ማድረግ ይመከራል።

የኢትዮጵያ ሰዓትና የግዕዝ ፊደል

ሰዓት የሚያሳየው ክፍል ሲጫን ዝግ ነው። ከተከፈተ በኋላ የሰዓት ክልል ልዩነቱን -3 ማድረግ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይሰጣል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት +3 ስለሆነ 6 ሰዓት ሲቀነስ -3 ይመጣልና። በዘንዘልማ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ፕሮምፕቱም 1 ሰዓት ይላል። በ12 ሰዓት አጻጻፍ ከሆነ ኤኤም የቀኑ፣ ፒኤም የሌሊቱ ክፍል ይሆናል። ቁጥሩ ፕሮምፕቱ የታየበትን ጊዜ እንጂ የሚሄድ ሰዓትን አያሳይም።

ስታርሺፕ በዩቲኤፍ-8 ስለሚሠራ «ጣና» የሚባል ፎልደር ስሙ እንዳለ ይታያል። የግዕዝ ፊደላት ግን ከላቲን ሰፋ ያሉ ሆነው ሳለ ብዙ ተርሚናሎች ለእያንዳንዳቸው የአንድ ፊደል ቦታ ብቻ ይሰጣሉ፤ በዚህም ፊደላቱ ይጨመቃሉ ወይም ይደራረባሉ። ይህ የተርሚናሉና የፎንቱ ጉዳይ ስለሆነ በስታርሺፕ ቅንብር አይስተካከልም። በምልክቶቹ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ግን ኔርድ ፎንት መጫን፣ ካልሆነም በተራ ጽሑፍ ብቻ የተዘጋጀውን ቅንብር መምረጥ ይቻላል።