አራቱ እንስሳ ሎጅ እስኪገቡ

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ በቴሌግራም ላከችልኝ። አንደኛው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሥላሴ ሥዕል ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕምና ገጸ ንስር አሉበት። ሁለተኛው የእንግሊዝ ፍሪሜሰኖች አርማ ነው። እዚያም ሰው፣ አንበሳ፣ በሬና ንስር። ከላይ ታቦት፣ ግራና ቀኝ ኪሩቤል። ከሥሩ የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የኛን ሥዕል ማን ነው የሣለው?»

ቀልድ አልነበረም። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሳለመው የኖረችውን ሥዕል መጠርጠር ጀምራለች። እኔ ደግሞ ሥራዬ ኮድ ነውና ሁለት ፋይል ተመሳስሎ ሳይ መጀመሪያ የማጣራው የትኛው እንደቀደመ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉንም የሚቀድመው ሕዝቅኤል ነው። በምርኮ አገር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ባየው ራእይ እያንዳንዳቸው አራት ፊት ያላቸው እንስሳት አሉ። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 4 ደግሞ አራቱ በዙፋኑ ዙሪያ ናቸው። ክርስቲያኖች ከአራቱ ወንጌላውያን ጋር ያያያዟቸው በኋላ ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ አንበሳውን ለዮሐንስ፣ ንስሩን ለማርቆስ ሰጠ። ዛሬ የምናውቀው ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ እሱ የጸናው ከሄሮኒሞስ ወዲህ ነው። ማለትም ትርጉሙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያለም ቦታ ተቀያይሯል። በሮም ሳንታ ፑደንዚያና ቤተ ክርስቲያን፣ በ400 ዓ.ም. አካባቢ በተሠራ ሞዛይክ ላይ አራቱም ክንፍ አውጥተው ከክርስቶስ ዙፋን በላይ ይታያሉ። በኛ ዘንድ ደግሞ ኅዳር 8 የሚከበሩት ዙፋኑን ተሸካሚዎች ሆነው ነው፤ ገጸ ሰብእ ስለ ሰው ልጆች፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላሕም ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አእዋፍ ይለምናሉ።

አሁን ወደ ሎጁ እንሂድ (ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለው ዓይነት አይደለም፤ ሜሰኖች የሚሰበሰቡበትን ማኅበር ነው እንዲህ የሚሉት)። የአርማው ግራ ጎን ኮምፓስና ሦስት ግንብ አለው። ይሄ በ1472 ለለንደን ግንበኞች ማኅበር ከተሰጠው አርማ የመጣ ነው፤ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች የሙያ ምልክት፣ ምንም ምሥጢር የለውም። አራቱ እንስሳ ያሉት በቀኝ ጎን ነው። እነሱን ያስገባው ሎረንስ ደርሞት የተባለ አየርላንዳዊ ቀለም ቀቢ ነው። በ1750ዎቹ ለንደን ውስጥ «ጥንታውያን» ነን ብለው ከነባሩ ግራንድ ሎጅ ጋር የሚፎካከሩ ሜሰኖች ነበሩ፤ እሱ ጸሐፊያቸው ነበር። በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ አርማውን አወጣና ያገኘሁት ከያዕቆብ ይሁዳ ሌዎን ሥራ ነው አለ።

ሌዎን ማን ነው? የአምስተርዳም አይሁዳዊ ረቢ ነው። የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ በትንሹ ሠርቶ ለሕዝብ ያሳይ ስለነበር «ቴምፕሎ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። በአይሁድ ትውፊት ደግሞ አራቱ ፊቶች የወንጌላውያን ምልክት አይደሉም። ሙሴ ሕዝቡን በምድረ በዳ ሲያሰፍር የቆሙት አራት ዓላማዎች ናቸው፦ አንበሳ የይሁዳ፣ ሰው የሮቤል፣ በሬ የኤፍሬም፣ ንስር የዳን። (ዘኍልቍ 2 ዓላማዎቹን ይጠቅሳል እንጂ ምን እንደተሣለባቸው አይናገርም።) ሜሰኖቹ እዚህ ላይ የራሳቸውን ጨመሩ፤ ሮያል አርች በሚሉት ሥርዓታቸው ሰው ማስተዋል፣ አንበሳ ኃይል፣ በሬ ትዕግሥት፣ ንስር ፍጥነት ሆነ። ከዙፋን ተሸካሚነት ወደ የሥነ ምግባር ትምህርት ማለት ነው።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች ታኅሣሥ 27 ቀን 1813 ታረቁና አርማቸውን ጎን ለጎን ሰፉት። ዕለቱ በምዕራቡ የወንጌላዊው ዮሐንስ በዓል ነው፤ የክርስትናው ልማድ እስከዚያ ድረስ አብሯቸው ነበር። የመጀመሪያው መሪ የሱሴክሱ መስፍን ግን ዕብራይስጥ የሚወድ ሰው ነበርና፣ አይሁዳውያንም ያለ ቅሬታ እንዲገቡ ከሥርዓቱ የክርስትና ቃላትን አስወጣ። አራቱ እንስሳ ግን ቀሩ። በኔ ግምት ማንንም ስላላስቸገሩ ነው፤ አይሁዳዊው ነገዶቹን ያያል፣ ክርስቲያኑ ወንጌላውያኑን።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። «ስለዚህ ሰረቁን ማለት ነዋ!» አለች። እሱም አይሆንም፤ ደርሞት ወሰድኩ ያለው ከረቢው ነው፣ የረቢው ምንጭ ደግሞ እኛም የምናነበው ሕዝቅኤል ነው። ትንሽ ቆይታ «እሺ፣ ታቦቱስ?» ብላ ጠየቀች።

ታቦቱም ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ ታሪክ ነው የገባው። ልዩነቱን ግን ራሷ ታውቀዋለች። በኛ ታቦት ተሸፍኖ ነው የሚወጣው፤ ከካህናት በቀር የሚያየው የለም። እነሱ፣ ምሥጢረኞች የምንላቸው ሰዎች፣ አርማቸው አናት ላይ በግልጽ አስቀምጠውታል። ከሥሩ ያለው የላቲን ጽሑፍ ደግሞ «ስማ፣ እይ፣ ዝም በል» ይላል።