ላፕቶፕን ከስብሰባ አዳራሽ ማሳያ ጋር ማገናኘት

ላፕቶፕን ከስብሰባ አዳራሽ ማሳያ ጋር ማገናኘት ማለት አቅራቢው በራሱ ላፕቶፕ፣ ታብሌት ወይም ስልክ ላይ ያለው ምስል በፕሮጀክተር ወይም በትልቅ ቴሌቪዥን ለተሰብሳቢው እንዲታይ ማድረግ ነው። ግንኙነቱ በኬብል ወይም ያለ ኬብል ሊሆን ይችላል። ፋይሉን በፍላሽ ወስዶ በአዳራሹ ኮምፒውተር መክፈትም የተለመደ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ከታች እንደሚታየው በተለይ በአማርኛና በጋምቤላ ክልል ቋንቋዎች ለተጻፈ ገለጻ የራሱ ችግር አለው።

በኢትዮጵያ ትልቅ ማሳያ በብዙ ተማሪ ዘንድ የታወቀው «ፕላዝማ» በሚለው ስም ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መከታተል ጀመሩ። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት መረብም የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ያገናኝ ነበር። በፕላዝማው ትምህርት ምስሉ የሚመጣው ከማዕከል ነው። እዚህ የሚገለጸው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ማሳያው የአዳራሹ፣ ምስሉ የእንግዳው።

ጋምቤላ ከተማ የክልሉ መስተዳድር መቀመጫና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞችን የሚረዱ ድርጅቶችም በከተማዋ ይሠራሉ። በመሆኑም በአንድ ስብሰባ ላይ ከወረዳ፣ ከክልል ቢሮ፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የመጡ አቅራቢዎች ተራ በተራ ሊነሡ ይችላሉ፤ የላፕቶፖቻቸው ዕድሜና መሰኪያ ደግሞ ይለያያል።

በኬብል ማገናኘት

በአሮጌ ፕሮጀክተሮች ላይ የሚገኘው ቪጂኤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቀው ነው። 15 ፒኖች አሉት፤ መሰኪያው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን በሁለት ብሎን ይጠብቃል። የሚያስተላልፈው ምስልን በአናሎግ ብቻ ስለሆነ ለድምፅ ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። ኤችዲኤምአይ የመጀመሪያው መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ወጣ፤ ባለ 19 ፒን ሲሆን ምስልና ድምፅን በዲጂታል አብሮ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው ዩኤስቢ-ሲ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ የተሠራ ነው።

አዳፕተር አቅጣጫ አለው። ከኤችዲኤምአይ ላፕቶፕ ወደ ቪጂኤ ፕሮጀክተር የሚወስደው አዳፕተር በውስጡ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ አለው፤ ቪጂኤ ብቻ ያለውን ላፕቶፕ ከኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ጋር ለማገናኘት ግን አያገለግልም። አዳራሽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱንም ዓይነትና አንድ የዩኤስቢ-ሲ አዳፕተር ቢይዝ አብዛኛው ችግር ከወዲሁ ይቃለላል።

ኬብሉ ሲሰካ ማሳያው ምን ያህል የምስል ጥራት መቀበል እንደሚችል ለላፕቶፑ ይነግረዋል። ይህ መረጃ ኢዲአይዲ ይባላል፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አንድ ፒን የጎበጠበት ወይም ረጅምና ደካማ ኬብል መረጃውን ካላደረሰ ላፕቶፑ የተሳሳተ ጥራት ይመርጣል፤ ወይም ማሳያውን ጨርሶ አያየውም። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን አጥፍቶ ማብራት ሳይሆን ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት ወይም መቀየር ነው። ተራ የኤችዲኤምአይ ኬብል ከ10 እስከ 15 ሜትር ሲያልፍ ምስሉ ብልጭ ድርግም ማለት ሊጀምር ይችላል፤ ጣሪያ ላይ ለተሰቀለ ፕሮጀክተር ይህ ርቀት ሩቅ አይደለም።

ቀጥሎ በፕሮጀክተሩ ሪሞት ኬብሉ የተሰካበት መግቢያ ይመረጣል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ «ፒ»ን መጫን አራት ምርጫዎችን ያመጣል፦ በላፕቶፑ ብቻ፣ በሁለቱም አንድ ዓይነት ምስል፣ ማሳያውን እንደ ተጨማሪ ስክሪን ማስፋት፣ ወይም በማሳያው ብቻ። አቅራቢው «ተገናኝቷል» እያለ ተሰብሳቢው ባዶ የጀርባ ሥዕል ብቻ የሚያይ ከሆነ የተመረጠው ሦስተኛው ነው። ቪዲዮ ያለ ድምፅ ሲጫወት ደግሞ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ወደ ፕሮጀክተሩ ሄዶ ይሆናል፤ በድምፅ ማስተካከያው ወደ ላፕቶፑ ወይም ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ መመለስ ይቻላል።

ያለ ኬብል

ሚራካስት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን ሁለቱን መሣሪያዎች በዋይፋይ በቀጥታ ያገናኛል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። የአፕል ኤርፕሌይና የጉግል ክሮምካስት ግን በአብዛኛው ሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ የዋይፋይ መረብ ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃሉ። ስልኩን የሚያሳይ ሰው የሚደርሱትን የቴሌግራም መልእክቶች ተሰብሳቢው ሁሉ እንደሚያነብበት ቢያስብ ጥሩ ነው።

ፊደልና ፍላሽ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች አሠራር የተጻፈ ገለጻ፣ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ይሆናል። የኑዌርኛ ጽሑፍም በላቲን ቢጻፍም ልዩ ፊደላትና ከሥራቸው የተሰመረባቸው አናባቢዎች ስላሉት፣ እነዚህን በማይዝ ፊደል ሲከፈት በቦታቸው ባዶ ሣጥን ሊመጣ ይችላል። ለተሰብሳቢው ይህ የቃሉን ንባብ የሚያጠፋ ጉድለት ነው። የራስን ላፕቶፕ ማገናኘት ከዚህ ያድናል፤ ከፍላሽ ቫይረስም እንዲሁ። በፍላሽ መስጠት ግድ ከሆነ ፊደሉን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ይሻላል።

መብራትና ሙቀት

መብራት ሲቋረጥ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ስለማይበራ ጄኔሬተር ቢነሣም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዩፒኤስ ይህን ጊዜ ያተርፋል። በጋምቤላ ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል፤ ብዙ ፕሮጀክተሮች ደግሞ የሚፈቀድላቸው እስከ 35 ወይም 40 ዲግሪ ነው። የአየር መውጫውን ከግድግዳ ማራቅና ማጣሪያውን ማጽዳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ የመጣ ፕሮጀክተር ለከፍተኛ ቦታ የሚሆነው የማቀዝቀዣ ቅንብሩ በርቶ ሊሆን ይችላል። ጋምቤላ ከተማ ያለችው በ526 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዳንድ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በታች እንዲጠፋ የሚመክሩትን ይህን ቅንብር መመልከት ተገቢ ነው። መብራት ተመልሶ ፕሮጀክተሩ ሲነሣም የተመረጠው መግቢያ ተቀይሮ ሊገኝ ስለሚችል በሪሞቱ እንደገና ይመረጣል።