የመርዝ ጋዝና የመንግሥታት ቃል ኪዳን

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው ሲተርቱ፥ ለቃል የሚሰጡት ክብር ምን ያህል እንደ ነበረ መረዳት አያዳግትም። በሰውና በሰው መካከል የተነገረ ቃል እንዲህ የሚከበር ከሆነ፥ መንግሥታት ጽፈውና ፈርመው የተለዋወጡት ቃልማ እንዴት ያለ ክብር ሊኖረው ይገባ ነበር! ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ፥ መንግሥታት የመርዝ ጋዝን በጦርነት ላለመጠቀም ያደረጉትን ውል፥ የውሉን መፍረስና እንደ ገና መታደስ የሚመለከት ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አገራችን አቆጣጠር ነው።

መርዝን ከጦር ሜዳ ለማራቅ መስማማት አዲስ ነገር አይደለም። በ1667 ዓ.ም. ፈረንሳይና «ቅድስት ሮማ» ይባል የነበረው የጀርመኖች መንግሥት፥ የተመረዘ ጥይት እንዳይተኰስ በስትራስቡርግ ተስማምተው ነበር። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ በሆላንድ አገር በሔግ ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት፥ ተግባሩ የሚያፍን ወይም የሚጐዳ ጋዝ መበተን ብቻ የሆነውን ጥይት ላለመጠቀም ቃል ገቡ። ጀርመንም ቃል ከገቡት አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ፥ የጀርመን ጦር ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ከ5000 ከሚበልጡ የብረት ዕቃዎች ከፍቶ ከነፋስ ጋር ለቀቀው። ለዚህ አድራጎት ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ፥ ጋዙ በነፋስ ተነዳ እንጂ በጥይት አልተተኰሰም የሚል ነበር። የውሉ ፊደል ተጠበቀ፤ የውሉ መንፈስ ግን ሞተ። ከዚያ ወዲያ ተቃዋሚዎቹ መንግሥታትም በዚያው መንገድ ተከተሉ። ጦርነቱ እስኪፈጸም ድረስ በጋዝ የተጐዳው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ፥ የሞተውም ወደ 90000 እንደሚደርስ ተገምቷል።

ዓለም በዚህ ስለ ደነገጠ፥ ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. በጄኔቭ አዲስ ፕሮቶኮል ተፈረመ። ፕሮቶኮሉ የሚያፍኑ፥ የሚመርዙና እነዚህን የሚመስሉ ጋዞችን ሁሉ፥ እንዲሁም በሽታ የሚያመጡ ጀርሞችን በጦርነት መጠቀምን ከለከለ። ነገር ግን ሦስት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፥ መጠቀምን እንጂ መሥራትንና ማከማቸትን አልከለከለም። ሁለተኛ፥ የሚመረምርና የሚቈጣጠር አካል አላቋቋመም። ሦስተኛ፥ ውሉን ያፈረሰ ምን እንደሚደረግ አልተናገረም። በዚህም ላይ ብዙ መንግሥታት «በጋዝ ከመታን፥ በጋዝ እንመታለን» የሚል ቃል ጨምረው አጸደቁት። እንግዲህ ደካማውን የሚጠብቀው ውሉ ሳይሆን፥ አጸፋን መፍራት ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ጉድለት በማን ላይ እንደ ወደቀ ለኢትዮጵያውያን መንገር አያስፈልግም። ኢጣልያ ፕሮቶኮሉን በ1920 ዓ.ም. አጽድቃ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሯ መረብን ተሻገረ፤ ኢትዮጵያም ከአራት ቀን በኋላ፥ መስከረም 26 ቀን፥ የፕሮቶኮሉ ተካፋይ ሆነች። ስለዚህ ሁለቱም ተዋጊዎች በአንድ ውል የታሰሩ ነበሩ። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር የልዑል ራስ እምሩ ጦር በተከዜ አካባቢ ሲዋጋ፥ ከኢጣልያ አይሮፕላኖች ኢፔሪት የተባለውን መርዝ የያዙ ቦምቦች ወረዱበት። ኢፔሪት ወዲያውኑ አይገድልም፤ ቈይቶ ቈዳን ያቃጥላል፥ ዓይንን ያሳውራል፥ ሳንባን ያቈስላል። በሣርና በአፈር ላይ ስለሚቈይ፥ ጫማ ያልነበረው ወታደር በረገጠ ቍጥር ይለበለብ ነበር። ከዚያም መርዙ ከአይሮፕላን እንደ ዝናም ይረጭ ጀመር፤ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ገበሬውን፥ ከብቱንና የሚጠጣውንም ውኃ አገኘ። የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበሩት የስዊስ ሐኪም ዶክተር ማርሴል ዡኖ፥ በመጋቢት ወር በቆረም የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይናቸው አይተው መስክረዋል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ይህን ሁሉ ገለጡ። ጉባኤው ሰማ፤ በሐምሌ ወር ግን በኢጣልያ ላይ ተጥሎ የነበረው የንግድ ማዕቀብ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በኢጣልያ ለብዙ ዓመታት ነገሩ ሲካድ ኖረ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፥ የተወጋው አልረሳም፤ የሐኪሞቹ ሪፖርትና የጦር አዛዦቹ ቴሌግራም በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ ኢጣልያውያን የታሪክ ጸሓፊዎች መዝገቡን እየገለጡ ስለ ተከራከሩ፥ በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን በይፋ አመኑ። ይህም የሆነው ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ኃያላን መንግሥታት ብዙ ጋዝ አከማችተው ሳሉ በጦር ሜዳ እርስ በርሳቸው አልተጣጣሉበትም፤ ሁሉም አጸፋውን ፈርቶ ነበርና። ጃፓን ግን አጸፋውን ሊመልስ በማይችለው በቻይና ጦር ላይ ተጠቅማበታለች። በ1980 ዓ.ም. የኢራቅ መንግሥት በሐላብጃ ከተማ ነዋሪዎች በሆኑ ኩርዶች ላይ መርዝ ባወረደ ጊዜ፥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሰው በአንድ ቀን አለቀ።

ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ፥ ጥር 5 ቀን 1985 ዓ.ም. በፓሪስ ለፊርማ የቀረበው የኬሚካል መሣሪያ ስምምነት የጄኔቭን ጉድለት ለመሙላት ተነሣ። ሚያዝያ 21 ቀን 1989 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። መጠቀምን ብቻ ሳይሆን መሥራትን፥ ማከማቸትንና ለሌላ ማስተላለፍን ከለከለ፤ ያለውም ሁሉ እንዲጠፋ አዘዘ። በሔግም መርማሪዎች ያሉት ድርጅት አቋቋመ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ኢጣልያ ባመነችበት ዓመት መሆኑ ነው። አባላቱ 193 መንግሥታት ደርሰዋል። እንዳላቸው ካስታወቁት ከ72000 ቶን በላይ የሆነው መርዝ፥ በመርማሪዎቹ ቍጥጥር በ2015 ዓ.ም. ጠፍቶ አልቋል።

እዚህ ላይ፥ በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባቢዎች ሆይ፥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክሎሪን የከተማን ውኃ ያጠራል፤ ለቀለም መሥሪያ የሚሆን ቅመምም የኢፔሪት መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ስምምነቱ እያንዳንዱ አባል መንግሥት ጉዳዩን የሚከታተል መሥሪያ ቤት እንዲሰይም፥ የተመደቡ ኬሚካሎችንም መዝግቦ በየዓመቱ እንዲያስታውቅ ያዛል። የውሉ ጠባቂዎች እንግዲህ አምባሳደሮች ብቻ አይደሉም፤ በጕምሩክ ሰነድ የሚያገላብጠው ጸሓፊና መዝገብ የሚይዘው ሠራተኛም ናቸው።

ይህ ማለት ግን ሥጋቱ አበቃ ማለት አይደለም። ሶርያ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ የስምምነቱ አባል ሆና ያስታወቀችው መርዝ ተወስዶ ቢጠፋም፥ በ2009 ዓ.ም. በኻን ሼኹን ከተማ ሳሪን የተባለው መርዝ እንደ ገና ሰው ፈጅቷል። መርማሪ ሊያውቅ ይችላል፤ የሚቀጣው ግን የመንግሥታት ፈቃድ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጐደለው ይኸው ፈቃድ ነበረ፤ ዛሬም ሊጐድል ይችላል። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ሁለት ነው፤ ውሉ ሲፈርስ፥ በማንም ላይ ይሁን፥ ዝም አለማለት፤ የሆነውንም ጽፎ ማኖር። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ተብሏልና።