ከደወል እስከ ሜትር ተኩል፦ ብስክሌትና ደርቦ የማለፍ ሕግ በብሪታንያ

በእንግሊዝና በዌልስ በ1888 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብስክሌትን ከጋሪ ጎራ መደበው። ብስክሌተኛው ጋሪ፣ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም እግረኛ ቀድሞ ከማለፉ በፊት ደወል ወይም ፊሽካ እንዲያሰማም አዘዘ። ያን ጊዜ ደርቦ በማለፍ የሚፈራው ብስክሌተኛው ነበር። ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ኮቨንትሪ ውስጥ የሠራው ባለሰንሰለት ብስክሌት ፈጣን ከመሆኑም በላይ ኮቴ የለውም፤ ድንገት ከኋላ ሲደርስ ፈረስ ያስበረግጋል። ሕጉ ግን ግዴታ ብቻ አልጫነም። ብስክሌተኛው እንደ ባለጋሪ በመንገዱ የመሄድ መብት አገኘ፤ ይህም ከደወሉ የሚበልጥ ነገር ነበር።

ከዚያ አውቶሞቢል መጣ፤ ቀዳሚው ተቀዳሚ ሆነ። በ1903 የመኪና ፍጥነት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ተገደበ። የ1930ው ሕግ ለቤት መኪናዎች ገደቡን ሲያነሳ፣ በምትኩ በግድየለሽነት ማሽከርከርን ወንጀል አደረገ። በማግስቱ ዓመት የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ታትሞ በአንድ ፔኒ ተሸጠ። በ1934 ግን የሟቾች ቁጥር ከ7,000 አለፈ። ገደቡን ማንሳት ከባድ ስሕተት ነበር፤ በ1935 በከተማ ውስጥ የ48 ኪሎ ሜትር ገደብ ተመለሰ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናም ግዴታ ሆነ።

በብሪታንያ የሚነዳው በግራ ስለሆነ የሚቀደመው በቀኝ በኩል ነው፤ ኢትዮጵያም እስከ 1964 እንዲሁ ነበረች። ያልተቆራረጠ መስመር አቋርጦ መቅደም የተከለከለ ቢሆንም፣ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት የሚሄድ ብስክሌተኛን ለማለፍ፣ መንገዱ ነጻ እስከሆነ ድረስ፣ መስመሩን መሻገር ይፈቀዳል። ይህ አስተዋይ ደንብ ነው፤ ሹፌሩ መስመሩን ላለመንካት ሲል ብስክሌተኛውን ታክኮ እንዳያልፍ ያደርጋል።

ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ ግን ለረጅም ጊዜ በቁጥር አልተነገረም ነበር። መጽሐፉ ለብስክሌተኛ የሚተወው ቦታ መኪና ሲቀደም ከሚተወው እንዳያንስ ብቻ ይመክር ነበር። በጥር 2022 የተሻሻለው እትም እስከ 48 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ርቀት እንዲተው ጻፈ። ሜትር ተኩሉን አለመጠበቅ ብቻውን አያስቀጣም፤ ሹፌሩ በግድየለሽነት ሲከሰስ ግን ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀበለው ይችላል።