ባዶ ቤትና ቤት አልባ ሰው

በ1929 ስለ ጀመረው ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ በምናስተምርበት ሰዓት ከኋላ መደዳ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «መምህር፣ ሰዎቹ ከቤታቸው ከወጡ ቤቱ የት ሄደ?» ይላል ተማሪው። ክፍሉ ይስቃል። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ቤት አይሰደድም። ባለቤቱ ወጥቶ በቆርቆሮ ጥግ ሲያድር ግድግዳውና ጣራው እዚያው እንደ ቆሙ ናቸው፤ በሩ ብቻ ተቆልፏል። እኛም አብዛኛውን ጊዜ ስለ አክሲዮን ገበያው መውደቅ፣ ስለ ባንኮች መዘጋትና ስለ ሥራ አጡ ብዛት አስረድተን ደወሉ ይደወላል እንጂ ቤቱ የት እንደ ደረሰ አንናገርም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ በዕዳ ተይዘው ባዶ የቀሩትን ቤቶች ታሪክ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ልንከተል አስበናል። ዘመኑ ሁሉ፣ የእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ቤት በዕዳ እንዴት እንደሚያዝ መረዳት ያስፈልጋል። ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘብ ይበደርና ቤቱን ለብድሩ መያዣ ያደርገዋል። መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ቤቱን በሐራጅ ያሸጠዋል፤ ሌላ ገዥ ከጠፋ ቤቱ በአበዳሪው እጅ ይቀራል። በ1920ዎቹ የነበረው የአሜሪካ የቤት ብድር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚቆይ አጭር ብድር ነበር። ተበዳሪው በየጊዜው ወለዱን ይከፍላል፤ ዋናው ገንዘብ ግን በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በደኅናው ጊዜ ባንኩ ብድሩን ስለሚያድስለት ሐሳብ አልነበረበትም። ባንኮቹ ራሳቸው መውደቅ ሲጀምሩ ግን የሚያድስ ጠፋ። በ1933 መጀመሪያ ላይ በየቀኑ አንድ ሺህ ያህል ቤቶች በዚህ መንገድ ከባለቤቶቻቸው እጅ ይወጡ ነበር።

የወጡት ሰዎች የት ገቡ? ከፊሉ ዘመድ ዘንድ ተጠጋ፤ ከፊሉ በየከተማው ዳር ከጣውላ፣ ከካርቶንና ከአሮጌ ቆርቆሮ ጎጆ ቀለሰ። ሕዝቡ እነዚህን ሰፈሮች በፕሬዚዳንቱ በኸርበርት ሁቨር ስም «ሁቨርቪል» ብሎ ሰየማቸው፤ የሁቨር መንደር ማለት ነው። በሲያትል የነበረውን የከተማው አስተዳደር ሁለት ጊዜ በእሳት አቃጥሎት ነበር፤ ሰዎቹ መልሰው ሠሩት። በ1934 ሲቆጠር 639 ነዋሪዎች ነበሩበት፤ ከእነዚህ መካከል ሴቶቹ 7 ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ እስከ 1941 ቆይቷል።

ከቤት መውጣቱን ሁሉም ዝም ብሎ አልተቀበለውም። በቺካጎና በኒው ዮርክ የሥራ አጦች ማኅበራት ፖሊስ ወደ መንገድ ያወጣውን የቤት ዕቃ ተሸክመው መልሰው ያስገቡ ነበር። ነሐሴ 3 ቀን 1931 በቺካጎ ደቡብ ሰፈር እንዲህ ባለ ግርግር ፖሊስ ተኩሶ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያንን ገደለ። ከዚያ በኋላ ከንቲባው አንቶን ሰርማክ ሰው ከቤት ማስወጣቱ ለጊዜው እንዲቆም አደረገ።

በገጠር የነበረው ትግል ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። በአዮዋና በነብራስካ የአንድ ገበሬ እርሻና ከብት ለሐራጅ ሲቀርብ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ይመጣሉ። አንዱ ለፈረሱ ጥቂት ሳንቲም ይሰጣል፤ ሌላው ለማረሻው እንዲሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ ነጋዴ ዋጋ ሊጨምር ሲሞክር ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ትከሻውን ይዘው ያዩታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከጎተራው ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ያሳዩታል። በዚህ ዓይነት በጥቂት ዶላር የተገዛው ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህ «የሳንቲም ሐራጅ» ይባል ነበር። የዕቁብና የእድር ልማድ ላለው ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይመስልም። ሆኖም ሁሉ ነገር በዚህ አላበቃም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በሌ ማርስ ከተማ፣ አዮዋ፣ ገበሬዎች ዳኛ ቻርልስ ብራድሊን ከችሎት ጎትተው አውጥተው አንገቱ ላይ ገመድ አስገቡ፤ የእርሻ መያዣ ትእዛዝ ላለመፈረም እንዲምል ነበር የፈለጉት። ዳኛው አልማለም፤ ነፍሱም ተረፈች። አገረ ገዥው በአውራጃው የጦር ሕግ አወጀ። ይህን ስንጽፍ ድርጊቱን ለማመስገን አይደለም፤ ከቤት የመውጣት ፍርሃት ጸጥተኛውን ገበሬ የት ድረስ እንዳደረሰው ለማሳየት ነው።

ሕግ አውጪዎቹም ገመዱን አይተውታል። ሚኒሶታ በዚያው ወር የዕዳ ማራዘሚያ ሕግ አወጣች። በሚኒያፖሊስ ብሌይስዴል የሚባሉ ባልና ሚስት 14 ክፍል ያለው ቤት ነበራቸው፤ በሦስቱ ክፍሎች እየኖሩ የቀሩትን ያከራያሉ። ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ነበር። በአዲሱ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ በወር 40 ዶላር እየከፈሉ እስከ ግንቦት 1 ቀን 1935 ቤታቸውን መልሰው እንዲዋጁ ጊዜ ሰጣቸው። አበዳሪው ይግባኝ አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ክፍለ አገሮች የውል ግዴታን የሚያፈርስ ሕግ እንዳያወጡ ስለሚከለክል ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ጥር 8 ቀን 1934 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ በ4 ለሕጉ ፈረደ። አስቸኳይ ጊዜ አዲስ ሥልጣን ባይፈጥርም ያለውን ሥልጣን ለመጠቀም ምክንያት ይሆናል የሚል ነበር የብዙኃኑ ሐሳብ። ልብ እንበል፤ ዕዳው አልተሰረዘም። የተሰጠው ጊዜ ብቻ ነው።

የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥትም በ1933 የቤት ባለቤቶች የብድር ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ የተበላሸውን ብድር ከአበዳሪዎች በቦንድ እየገዛ ለተበዳሪው በ15 ዓመት፣ በየወሩ ከወለዱም ከዋናውም በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈል አዲስ ብድር ሰጠ። አንድ ሚሊዮን ያህል ቤቶች በዚህ መንገድ ተያዙ። ከእነዚህ ውስጥ 200 ሺህ ያህሉ በኋላ ከባለቤቶቻቸው እጅ ቢወጡም የቀሩት ተርፈዋል። ይኸው ድርጅት የከተማ ካርታዎችን በአራት ቀለም እያስቀለመ፣ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ ምልክት አድርጎ ለብድር አደገኛ ብሎ መድቧል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድርጅቱ የረዳው ቤት ያለውን ሰው ነው። በሲያትል ጎጆ ውስጥ የነበረው ሰው በእጁ ወረቀት አልነበረውምና ከዚህ ሁሉ የደረሰው ነገር የለም።

ጉዳዩ እንደገና ገንኖ የወጣው በ1970ዎቹ ነው። በዚህ ጊዜ የባዶ ቤቶቹ ባለቤት ራሱ መንግሥት ነበር። ይህም የሆነበት ምክንያት አለ። የፌዴራል መንግሥቱ ለድሆች ሰፈር የሚሰጠውን የቤት ብድር ዋስ ሆኖ ነበር። ደላሎች የተበላሸ ቤት ቀባብተው በውድ ሸጡ፤ ገዥው ሲገባበት ጣራው ያፈሳል፤ ማሞቂያው አይሠራም። ክፍያው ሲያቅተው ባንኩ ገንዘቡን ከመንግሥት ይቀበላል፤ ቤቱ ለመንግሥት ይቀራል። በዲትሮይት በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች እንዲህ ባዶ ቀሩ።

በ1973 የዊልሚንግተን ከተማ፣ ደላዌር፣ አንድ አዲስ ነገር ሞከረ፤ ባዶ ቤት በአንድ ዶላር መስጠት። ተቀባዩ በተወሰነ ጊዜ ቤቱን አድሶ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሊኖርበት ይገባል። ባልቲሞርና ፊላዴልፊያ ተከተሉ፤ በ1974 የወጣ ሕግም መንግሥት የያዛቸውን ቤቶች ለዚሁ ሥራ ለከተሞች እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። ወሬው ያማረ ነበር። በባልቲሞር ኦተርባይን በሚባለው ሰፈር ከመቶ በላይ ቤቶች በዕጣ ታደሉ። ነገር ግን ቤቱ በአንድ ዶላር ቢገኝም ወለሉን፣ ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ለማደስ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ያንን ሊበደር የሚችለው ደግሞ ደመወዝተኛው ነው። ስለዚህ ሰፈሩ አማረ፤ መንገድ ላይ የሚያድረው ሰው ግን ዕጣው ውስጥም አልገባም። በፊላዴልፊያ ድሆቹ ይህን አይተው ፈቃድ ሳይጠብቁ ወደ ባዶዎቹ የመንግሥት ቤቶች ይገቡ ጀመር። ከመካከላቸው ሕጋዊ የሆኑም፣ የተባረሩም አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢያችን የራሳችንን አገር ሳያስብ አይቀርም። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 በእኛ አቆጣጠር፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ በእኛ አገር የተወረሱት ቤቶች አብዛኛዎቹ ሰው የሚኖርባቸው ነበሩ፤ የተለወጠው ባለቤቱና የኪራዩ ልክ ነው። ቢሆንም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ በቀበሌ እጅ ላሉት ቤቶች የማደሻ ገንዘብ ጠፋ፤ ግድግዳው ሲዘም፣ ቆርቆሮው ሲዝግ የኖረበት ሰው ያውቀዋል። ኦተርባይንም ሆነ እዚህ፣ ቤቱ የማን ነው ከሚለው ጥያቄ ጀርባ ማን ያድሰዋል የሚለው ይጠብቃል።

መስከረም 2008 የተነሣው ቀውስ ከ1930ዎቹ ወዲህ ትልቁ ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ቤቶች ላይ የመያዣ ሂደት ተጀምሯል። በክሊቭላንድ ባዶ ቤት ሳይውል ሳያድር ይዘረፍ ነበር፤ ሌባ የመዳብ ቧንቧውን ነቅሎ ሲሄድ ውኃው ምድር ቤቱን ይሞላዋል። አንዳንድ ባንኮች የማፍረሻውን ወጪ በመፍራት የጀመሩትን ሂደት ሳይጨርሱ ተዉት፤ ሰውየው ከቤቱ ወጥቷል፣ ቤቱ ግን በወረቀት ገና የእሱ ነው። በ2009 በአውራጃው የተቋቋመው የመሬት ባንክ እነዚህን ቤቶች እየተረከበ የሚታደሰውን አሳደሰ፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ግን አፈረሰ።

በማያሚ አንድ አነስተኛ ቡድን አስቀድሞ ሥራ ጀምሮ ነበር። መሪው ማክስ ራሞ ሲሆን ትውልዱ ከሃይቲ ነው። በጥቅምት 2006 ባዶ የከተማ መሬት ላይ ለቤት አልባዎች መንደር ሠሩ፤ ስሙንም «ኡሞጃ» አሉት፤ ይህ ቃል የምሥራቅ አፍሪካ ስዋሂሊ ነው፣ አንድነት ማለት። ስድስት ወር እንደ ቆየ እሳት በላው። ከጥቅምት 2007 ጀምሮ ደግሞ ቤት ያጡ ቤተሰቦችን በዕዳ ተይዘው በተተዉ ቤቶች ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ቤቱን ያጸዳሉ፤ የተበላሸውን ይጠግናሉ። ድርጊቱ ሕግ መተላለፍ መሆኑን አልካዱም፤ ሰው ደጅ እያደረ ቤት ባዶ መቆሙ ይብሳል የሚል ነበር መልሳቸው።

የሚገርመው ግን የባንኮቹም ወረቀት ሁልጊዜ የተሟላ አለመሆኑ ነው። ብድሩ እየተጠቀለለ ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተሸጠ ሰነዱ የማን እንደ ሆነ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። የኦሃዮዋ የምክር ቤት አባል ማርሲ ካፕተር በጥር 2009 ሰዎች አበዳሪያቸው ዋናውን ሰነድ እስኪያሳይ ድረስ ከቤታቸው እንዳይወጡ በምክር ቤቱ ውስጥ መክራለች። በጥር 2011 የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለት ባንኮች ሐራጁን ባካሄዱበት ጊዜ ብድሩ ወደ እነሱ መተላለፉን ማስረዳት ባለመቻላቸው ሐራጁ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። ሰነድ የለህም ተብሎ የሚባረረው ድሃው ብቻ እንደ ሆነ ለሚያስብ ተማሪ ይህን ፍርድ ማንበብ ይጠቅማል።

የመጨረሻው ታሪካችን የኦክላንድ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ። በኅዳር 2019 ቤት የሌላቸው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ማግኖሊያ በሚባል መንገድ ላይ ወዳለ ባዶ ቤት ገቡ። ቤቱ ቀደም ሲል በዕዳ ተይዞ በሐራጅ የተሸጠ ሲሆን፣ የገዛው ቤት እየገዛ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። ፍርድ ቤት በእናቶቹ ላይ ፈረደ፤ ጥር 14 ቀን 2020 ንጋት ላይ የታጠቁ ፖሊሶች ብረት ለበስ መኪና ይዘው መጥተው አስወጧቸው። ከስድስት ቀን በኋላ ኩባንያው ቤቱን ለማኅበረሰብ የመሬት ባለአደራ ድርጅት ለመሸጥ ተስማማ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ገዛው። በመስከረም የክፍለ አገሩ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ደግሞ በዕዳ የተያዘ ቤት ለሐራጅ ከቀረበ በኋላ ተከራዩ ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከአሸናፊው ዋጋ የማያንስ ገንዘብ አቅርቦ ቤቱን የሚወስድበት 45 ቀን ሰጠ።