ዋሽንግተን የት ላይ ታበቃለች?

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውም አሌክሳንድሪያ የሚኖረውም ሐበሻ «የት ነህ?» ሲባል «ዲሲ» ይላል። አንዱ ሜሪላንድ፣ ሌላው ቨርጂኒያ ነው። የሚገርመው፣ የአሜሪካ መንግሥትም እንደዚሁ ይቆጥራቸዋል።

የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ትልልቅ ከተሞችን ከነዳርቻቸው መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ለ1950ው ቆጠራ ደግሞ መስፈሪያው ካውንቲ ሆነ፤ ብዙው መረጃ የሚሰበሰበው በካውንቲ ነበርና። የዛሬው ዋና ደንብ የሥራ ምልልስን ያያል፦ ከአንድ ካውንቲ ሠራተኞች ቢያንስ 25 በመቶው በማዕከሉ ካውንቲዎች የሚሠሩ ከሆነ ካውንቲው ከከተማው ጋር ይቆጠራል። የዌስት ቨርጂኒያው ጄፈርሰን ካውንቲ እንኳ ከዋሽንግተን ጋር ነው።

ታዲያ እኛ ምን አገባን? ያገባናል! የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት «ዝቅተኛ ገቢ» ማለት ስንት እንደሆነ የሚወስነው የአካባቢውን መካከለኛ ገቢ መነሻ አድርጎ ነው። በዋሽንግተን ስሌት ውስጥ ሀብታሞቹ ፌርፋክስና ላውደን አሉ። እነሱ መካከለኛውን ሽቅብ ሲጎትቱት «በአቅም የሚከራይ» የተባለው ቤት የኪራይ ጣሪያም አብሮ ይወጣል። ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት የምታስተናግደው እህታችን ደመወዝ ግን በዚህ ስሌት አይጨምርም።

መስመሩን የሚያሰምረው የበጀት መሥሪያ ቤት ራሱ፣ ያሰመርኩት ለስታቲስቲክስ እንጂ ለገንዘብ ድልድል አይደለም ባይ ነው። እንግዲህ «በአቅም» ሲሉን፣ በማን አቅም ብለን እንጠይቅ።